የእጅ ልክ፦ የሸክላ ሥራና የወጥነቱ ታሪክ በአርሲ ደጋና በአካባቢው

ሸክላ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ሲሠራ የኖረ ሙያ ነው። መሽከርከሪያ፣ የቅርጽ ማውጫም ሆነ የሙቀት መለኪያ የለውም። ያም ሆኖ ከአንዲት ሠሪ እጅ የወጡ ጀበናዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሆዳቸው ስፋት፣ የአንገታቸው ቁመትና የጡታቸው አዘነባበል ይቀራረባል፤ ምጣድ በምጣድ ላይ ሲነባበርም ጠርዝ ለጠርዝ ይገጥማል። ገዢዋም ይህን ስለምታውቅ ገበያ ስትወጣ ሜትር አትይዝም። የዚህ ወጥነት ምንጭ የሥራው ዘወትራዊነት ነው። ጭቃው፣ ወቅቱና የገበያው ቀን ሸክላ ሠሪዋን በየሳምንቱ ወደዚያው ሥራ ይመልሷታል፤ እጇም በዚህ ምልልስ ልኩን ይይዛል። የአርሲ ደጋ፣ እንዲሁም ከእርሱ ጋር በገበያና በሰው ፍልሰት የተሳሰሩት የሸዋና የአዲስ አበባ አካባቢዎች የሸክላ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ያለ መሽከርከሪያ የቆየ ሙያ

የሸክላ መሽከርከሪያ በሜሶጶጣሚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት አገልግሎት ላይ ውሎ ነበር። ከዚያም ወደ ግብፅ ገባ፤ በመርዌ መንግሥት ዘመን የኑብያ ሠሪዎች ስስ የሆኑ ዕቃዎችን በመሽከርከሪያ ያወጡ ነበር። የአክሱም ሸክላ ግን በእጅ የተሠራ ነው። የጀርመን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1906፣ ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም ባካሄዷቸው ቁፋሮዎች እጅግ ብዙ ገል ወጥቷል። ከእነዚህ መካከል በጠጠር ተፈግፍገው የለሰለሱ፣ በጭረት ያጌጡ፣ አንገታቸው ላይ የሰው ራስ የተቀረጸባቸው ማሰሮዎች ይገኙባቸዋል። ከአካባቢው ዕቃ ጋር ዛሬ አቃባ ከምትባለው ከአይላ በቀይ ባሕር በኩል የመጡ፣ በመሽከርከሪያ የተሠሩ እንስራዎችም ተገኝተዋል። የአክሱም ሰዎች በመሽከርከሪያ የተሠራን ዕቃ አይተዋል፣ ተጠቅመውበታልም፤ ሸክላ ሠሪዎቻቸው ግን በእጅ አሠራራቸው ጸንተዋል።

ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። እሳት ላይ የሚጣድ ዕቃ በሙቀት እንዳይፈነዳ ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይገባበታል። እንዲህ ያለ ሻካራ ጭቃ በፍጥነት በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ እጅ ይልጣል፤ እንደ ልብም አይታዘዝም። በእጅ መሥራት ደግሞ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጓሮ ውስጥ፣ ልጅ አጠገብ፣ ከቤት ሥራ ጋር እየተፈራረቀ ይሠራል። በአብዛኛው አፍሪካም ሁኔታው ይኸው ነው። ናይጄሪያዊቷ ሸክላ ሠሪ ላዲ ክዋሊ፣ ማይክል ካርዲው በመሠረተው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ከገባች በኋላም ትላልቅ ማሰሮዎቿን በአገሯ ወግ፣ በቆመው ዕቃ ዙሪያ እየዞረች በእጇ ትሠራ ነበር። ዕቃዎቿ በአውሮፓና በአሜሪካ ለዕይታ ቀርበዋል፤ ምስሏም በ20 ናይራ የብር ኖት ላይ ታትሟል። በኢትዮጵያም በብዙ ቦታ ሠሪዋ በዕቃው ዙሪያ ትዞራለች፣ ወይም ዕቃውን በገል ላይ አስቀምጣ በእጇ ቀስ እያለች ታዞረዋለች።

ሁሩታና የአርሲ ደጋ

ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ ተነስቶ በዴራና በኢተያ በኩል አሰላ ከሚገባው መንገድ በስተምሥራቅ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጭላሎ ተራራ በስተሰሜን፣ ስንዴና ገብስ አብቃይ በሆነ ምድር ላይ ትገኛለች። የአርሲ ኦሮሞ ኑሮ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአብዛኛው በከብት ላይ የተመሠረተ ነበር። በከብት አርቢ ቤት ወተት የሚቀመጠው ከእንጨት በተፈለፈለ፣ ከቃጫ በተሰፋ ወይም ከቅል በተሠራ ዕቃ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ዕቃ ቀላል ነው፣ ከብት ተከትለው ሲጓዙም አይሰበርም፣ በጢስ ይታጠናል። ሸክላ ያስፈለገው እሳት ላይ ለሚጣደው ነው፦ ለጭኮ የሚሆነውን ገብስ ለመቁላት፣ ገንፎ ለማገንፋት፣ ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ለማብሰል።

በ1878 ዓ.ም. ከተካሄደው የአዙሌ ጦርነት በኋላ አርሲ በምኒልክ አገዛዝ ሥር ሲገባ ከሸዋ ወታደር፣ ካህንና ገበሬ መጥቶ ሰፈረ። ከሰፋሪው ጋር እንጀራና ጠላ መጡ። እንጀራ ሰፊና ጠፍጣፋ ምጣድ፣ ጠላ ደግሞ መጥመቂያ ጋንና መቅጃ ማሰሮ ይፈልጋል። የሕዝቡ ኑሮ ወደ እርሻ እያዘነበለ በሄደ ቁጥርም የሸክላ ዕቃ በእያንዳንዱ ቤት እየበዛ ሄደ። ዛሬ በአርሲ ገበያዎች ያንኑ ዕቃ አንዷ ምጣድ፣ ሌላዋ ኤሌ ብላ ትገበያየዋለች፤ አንዷ ማሰሮ ያለችውን ሌላዋ ኦኮቴ ትለዋለች። የአማርኛውም የኦሮምኛውም ተናጋሪዎች ከአንድ ሠሪ ስለሚገዙ የዕቃው መጠን በጊዜ ብዛት ለሁሉም የሚስማማ ሆኗል።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት መቀመጫውን አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ትራክተር በአካባቢው ተስፋፉ። የስንዴ ምርት ሲያድግ በገበሬው እጅ የሚገባው ጥሬ ገንዘብም አደገ፤ በመኪና የሚመጣው የቆርቆሮና የአሉሚኒየም ዕቃም ገበያውን ተቀላቀለ። ለሸክላ ሠሪዋ ይህ ለውጥ ሁለት ገጽ ነበረው፦ የስንዴ ገለባ ለማገዶ እንደ ልብ ተገኘ፣ ተወዳዳሪ ዕቃም በጎኗ ቆመ።

ጭቃና እሳት የሚጠይቁት ጥንቃቄ

በሸክላ ሥራ ወጥነት ለዓይን ማማር ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከእሳት በሕይወት የሚወጣበት ቅድመ ሁኔታ ነው። በአርሲ ሜዳማ ስፍራዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ብቻውን ለዕቃ ቢውል ሲደርቅም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ሠሪዎች የሚጣበቀውን አፈር ከማይጣበቀው ጋር ያዋህዳሉ፤ አፈሩን ወቅጠው ይነፋሉ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፣ በእግር ረግጠው፣ በእጅ አሽተው ያቦካሉ፣ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይጨምሩበታል። መጠኑ በሚዛን አይለካም። እጅ ጭቃውን ጠቅልሎ ሲያጥፈው ከተሰነጠቀ ማጣበቂያው አንሷል፤ ጣት ላይ ከቀረም ሻካራው አንሷል። ይህን ፈተና ዘወትር የምትፈትን ሴት ልዩነቱን ወዲያው ታውቃለች፤ ለወራት ሥራ ያቋረጠችው ግን እንደገና እየሞከረች ታስታውሳለች።

የዕቃው ግድግዳ እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ስሱ ክፍል ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው፤ በመካከላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል። እሳት ውስጥ ሲገባም ችግሩ ይከተለዋል። ጭቃው ከደረቀ በኋላም ከማዕድኑ ጋር ተዋህዶ የቀረ ውሃ አለው፤ ይህ ውሃ ሙቀቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይወጣል። በ573 ዲግሪ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ በድንገት መጠኑን ይለውጣል። ሜዳ ላይ የሚነድ የሸክላ እሳት በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሚደርስ ዕቃው በእነዚህ አደገኛ ደረጃዎች ሁሉ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ውፍረቱ ያልተስተካከለ፣ አየር የያዘ ወይም በደንብ ያልደረቀ ዕቃ በእሳቱ ውስጥ ይፈነዳል፤ ፍንጣሪው አጠገቡ ያሉትንም ይሰብራል። የአንድ ጋን መፈንዳት የሳምንቱን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። እሳቱ በዚህ መልኩ ያልተስተካከለውን ዕቃ እየለየ ስለሚጥል ሠሪዋን በየጊዜው ያስተምራታል።

ሳምንቱና ወቅቱ

የሸክላ ሥራ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን አያልቅም። አፈር መቆፈርና መሸከም፣ መዘፍዘፍና ማቡካት፣ ማቆም፣ በጥላ ማድረቅ፣ መፈግፈግ፣ መተኮስ በተራ ይከተላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ጊዜ ይወስዳል። የሥራው መዳረሻ የገበያ ቀን ስለሆነ ሁሉም ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይደለደላል። ለገበያ የሚደርስ ዕቃ ቀደም ብሎ መተኮስ አለበት፤ ለመተኮስ መድረቅ፣ ለመድረቅም በሳምንቱ መጀመሪያ መቆም ይኖርበታል። በኦርቶዶክስ አማኞች ዘንድ እሑድና በዓላት ከሥራ ነፃ ስለሆኑ የቀሩት ቀኖች ይበልጥ የታጠሩ ናቸው። በየሳምንቱ የሚሠራው ዕቃ በብዛትም በዓይነትም የተወሰነ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፦ አንዱ ሳምንት ምጣድ፣ ሌላው ጀበናና ድስት፣ ድግስ ሲቃረብ ጋንና ማሰሮ።

ትልቁ ዕቃ በአንድ ትንፋሽ አይቆምም። ሠሪዋ የታችኛውን ግድግዳ ካቆመች በኋላ ክብደት እንዲሸከም እስኪጠነክር ትታው ወደ ሌላው ትሄዳለች። ተመልሳ የጭቃ ጥቅል ትጨምራለች፤ በውስጥ በኩል በአንድ እጇ ደግፋ በውጭ በኩል በቅል ስባሪ ወይም በእንጨት ቁራጭ ወደ ላይ ትስበዋለች። በብዙ ቦታ የዕቃው የላይኛው ክፍል ተሠርቶ ሲጠነክር ይገለበጥና መቀመጫው በመጨረሻ ይዘጋል። ጠርዙ በእርጥብ ቆዳ ይለሰልሳል። ጆሮውና የጀበናው ጡት የሚለጠፉት ግድግዳው ክብደታቸውን ሊሸከም ሲችል ነው፤ በጣም ከደረቀ ግን አይያያዝም። አንድ ዕቃ እስኪጠነክር ሌላው ስለሚቆም አምስትና ስድስት ዕቃ በአንድ ጊዜ በተለያየ ደረጃ ላይ ይገኛል። ያው እንቅስቃሴ በተከታታይ ዕቃዎች ላይ መደጋገሙ የመጀመሪያው ዕቃ ልክ ለሁለተኛው፣ የሁለተኛው ለሦስተኛው መለኪያ እንዲሆን ያደርጋል።

ወቅትም የራሱ ሕግ አለው። ክረምት ሲገባ ዕቃው አይደርቅም፣ ማገዶው ይረጥባል፣ የአፈር ጉድጓዱም ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ሥራው ይቀዘቅዛል። አጨዳው ሲያልቅ ገለባ ይገኛል፣ ገበሬው እጅ ገንዘብ ይገባል፣ ከጥር ጀምሮ ሠርግ ይበዛል፤ የሸክላ ገበያም ይደራል። በክረምት የተፈታው እጅ በበጋው መጀመሪያ ጥቂት ዕቃ እያበላሸ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጠንቃቃ ሠሪ ወቅቱን በትናንሽ ዕቃ የምትጀምረው ለዚህ ነው፤ ጋንና ምጣድ እጅ ከተፍታታ በኋላ ይመጣሉ።

ከእናት ወደ ልጅ

ሙያው የሚተላለፈው በቤት ውስጥ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ውሃ ታቀብላለች፣ አፈር ትነፋለች፣ ከጭቃው ቆርሳ መጫወቻ ትሠራለች። ቀጥሎ እናቷ ያቆመችውን በጠጠር መፈግፈግ ይፈቀድላታል፤ ይህ ሥራ ቀላል ቢመስልም የግድግዳውን ጎበጥና ሰርጎድ ያለ ቦታ በመዳፍ ማወቅን ያስተምራል። ከዚያ ትንንሽ ወጭትና ማጨሻ፣ ቀጥሎ ድስትና ጀበና፣ በመጨረሻ ምጣድና ጋን ይመጣሉ። ካገባች በኋላ ከአማቷ ጋር የምትሠራ ሴት ደግሞ የቤቱን ልክ ትለምዳለች። ትምህርቱ በቃል ብዙም አይነገርም። የተበላሸው ዕቃ ሳይደርቅ ተመልሶ ይቦካል፤ እናት እንደገና አቁሚው ትላለች፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

በጋሞ ደጋ የሸክላ ሥራን ያጠናው ጆን አርተር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ዕቃዎችን ከአፈር ጉድጓድ ጀምሮ በማጀት አገልግሎታቸው በኩል እስከሚጣሉበት ድረስ ተከታትሏል። በወለጋ ኦሮሞ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ቡላ ዋዬሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናትም የአሠራሩን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መዝግቧል። የዕቃው ጌጥ በቀላሉ ሊለወጥ ቢችልም ግድግዳውን የማቆሚያ እንቅስቃሴ በልጅነት ስለሚለመድ በቀላሉ አይለወጥም። ሴት ልጅ አገር ብትቀይርም የእጇ አያያዝ አብሯት ይሄዳል።

ምጣድ እንደ ፈተና

የሠሪ ችሎታ ከሁሉ በላይ የሚመዘነው በምጣድ ነው። የእንጀራ ምጣድ በተለመደው መጠኑ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ጭቃው መሬት ላይ በተነሰነሰ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ላይ ተዘርግቶ በመዳፍ ይጠፈጠፋል። ከመሐል እስከ ጠርዝ ውፍረቱ እኩል መሆን አለበት። ስስ የሆነበት ቦታ ሊጡን ያቃጥላል፤ ወፍራሙ ጥሬ ያስቀራል፤ ጎድጎድ ያለበት ሊጥ ያቁራል። የእንጀራው ዓይን የምጣዱን እኩልነት ወይም ጉድለት አውጥቶ ያሳያል።

ገዢዋ በገበያ ላይ ምጣዱን ወደ ብርሃን ታዘነብላለች፣ ፊቱን በመዳፏ ትዳስሳለች፣ ጠርዙን ይዛ በጣቷ አጥንት ታንኳኳዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ በዓይን ያልታየ ስንጥቅ አለው። ቤት ከገባ በኋላ ምጣዱ ይሟሻል፦ በቀስታ ይሞቃል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ በጨርቅ ይታሻል፣ ይህም ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ደጋግሞ ይሠራል። የዘሩ ቅባት በጭቃው ቀዳዳዎች ገብቶ ሲጠነክር እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሳል። ሠሪዋ በየሳምንቱ የጀመረችውን ድግግሞሽ ጋጋሪዋ ምጣዱን በየጊዜው እያሰሰች ትቀጥለዋለች።

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ የሸክላ ዕቃዎች የመጠን ደረጃ በደንብ ይታወቃል። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚለው አባባል ሊገባ የሚችለው ጋንና ምንቸት የተወሰነና ሁሉም የሚያውቀው ልክ ባላቸው ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለውም ከጋኑ ድቡልቡል መቀመጫ የተቀዳ ነው።

እጅ ምን ያህል ሊለካ ይችላል

በአርኪዮሎጂ ዘርፍ የዕቃዎች መመሳሰል የሠሪውን የሥራ ብዛት ያሳያል የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሲመረመር ቆይቷል። ዊልያም ሎንግኤከርና ባልደረቦቹ በፊሊፒንስ አልፎ አልፎ ለቤታቸው የሚሠሩ ሴቶችን ዘወትር ለገበያ ከሚሠሩት ጋር አነጻጽረዋል፤ ለገበያ የሚሠሩት ሴቶች ዕቃ ይበልጥ ወጥ ነበር፤ ረጅም ዓመት የሠሩት ደግሞ ከጀማሪዎቹ ይበልጥ ወጥ ያወጡ ነበር። ፈረንሳዊቷ ቫለንቲን ሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕንድ ሠሪዎች ላይ ባወጣችው ጥናት በዓመት የሚሠራው ዕቃ ብዛት ሲጨምር የልኩ ልዩነት እንደሚቀንስ አሳይታለች። ጄልመር ኢርከንስና ሮበርት ቤቲንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰውን ዓይን ወሰን መነሻ አድርገዋል፦ ሰው ያለ መለኪያ ሁለት ርዝመቶችን ሲያነጻጽር ከ3 በመቶ ገደማ በታች የሆነውን ልዩነት አይለይም። በዚህ ስሌት ያለ መለኪያ የሚሠራ እጅ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ የልዩነት መጠን 1.7 በመቶ ያህል ነው።

እነዚህ ግኝቶች ለአርሲና ለሸዋ ገበያዎችም ትርጉም አላቸው። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለቤቷ ብቻ የምትሠራ ሴትና በየሳምንቱ ለገበያ የምታቀርብ ሴት አንድ ዓይነት እውቀት ሊኖራቸው ይችላል፤ ዕቃቸው ግን እኩል ወጥ አይሆንም። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባስጀመረው የሕዝብ ጥበብ እንቅስቃሴ ስማቸው ያልታወቀ ሠሪዎች ያንኑ ዕቃ ደጋግመው መሥራታቸው እጃቸውን ከጭንቀት ነፃ ያደርገዋል ብሎ ይከራከር ነበር። የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ ዕቃዋ ላይ ስሟን አትጽፍም፤ ደንበኞቿ ግን በጠርዙ አወጣጥና በጆሮው አለጣጠፍ ይለዩታል።

ያልተከበረ ሙያ

ሸክላ ሠሪነት ለረጅም ጊዜ የሚናቅ ሙያ ነበር። በብዙ አካባቢ ሠሪዎች በጋብቻ ይገለላሉ፣ በቡዳነት ይታማሉ፣ የርስት መብትም አልነበራቸውም። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ዘመቻ በኋላ ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ በብረት፣ በሽመናና በግንበኝነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ይተዳደሩ ነበር። መሬት የሌለው ሰው በክረምት የዘራውን በበጋ አያጭድም፤ የዕለት እህሉን የሚያገኘው ዕቃውን በእህል ለውጦ ነው። ስለዚህ ወጥነትን ያመጣው ዘወትራዊ ሥራ በከፊል ከመሬት አልባነት የመጣ ግዴታ ነበር። ይህን ሳያነሱ የሠሪዎቹን እጅ ብቻ ማድነቅ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ የሕዝቡን አስተሳሰብ ወዲያው አልለወጠውም፤ ሆኖም የእጅ ሙያን ክብር በመንግሥት ቃል ያስጠበቀ ቀደምት ሰነድ ሆኖ ይጠቀሳል። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በብዙ ቦታ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች የእርሻ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። አንዳንዶች ሥራውን ተዉት፣ ሌሎች ከእርሻ ጋር ያዙት። የእደ ጥበብ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በደርግ ዘመን ተቋቋሙ።

ወለቃና ቀጨኔ

የሙያው ቀጣይነት በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ ከጎንደር በስተሰሜን የምትገኘው የቀድሞዋ የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ናት። የወለቃ ሴቶች ከማጀት ዕቃ በተጨማሪ ለጎብኚ የሚሆኑ ትንንሽ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። ቤተ እስራኤል በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከመንደሯ ብዙ እጅ ጎደለ፤ የቀሩት ጎረቤቶች ሥራውን ይዘው ቀጠሉ።

በአዲስ አበባ የሸክላ መንደር ቀጨኔ ናት። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ድግስ፣ የወታደሩና የከተሜው ማጀት ብዙ ዕቃ ስለፈለገ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። አፈሩና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ በቅርብ ነበር፤ ገበያውም የማያቋርጥ ነበር። ቡና መጠጣት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በክርስቲያኑ ደገኛ ዘንድ ሲስፋፋ የጀበና ፍላጎት አደገ። የገጠሯ ሠሪ በሳምንት አንድ ገበያ ሲኖራት የቀጨኔዋ በየቀኑ የሚመጣ ነጋዴ ስላላት ብዙዎች ወደ አንድና ሁለት ዓይነት ዕቃ አዘነበሉ፤ ሥራው ሲጠብ ወጥነቱ ጨመረ።

አዲስ ልክ፣ አዲስ ፈተና

የሸክላ ዕቃ ከማጀት የለቀቀው በየተራ ነው። እንስራ ለፕላስቲክ ጀሪካን ቦታውን ለቀቀ፤ ጀሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ባዶውን ሲሸከሙት አይከብድም። ድስት ለአሉሚኒየም፣ ጋን ለበርሜል ተወ። ሐዋሳ የሚገኘው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ደግሞ በቅርጽ ማውጫና በምድጃ አንድ ዓይነት ሳህንና ሲኒ አመረተ። ምጣድና ጀበና ግን ጸንተዋል፤ የእንጀራን ዓይን በሚያወጣው እኩል ሙቀትና ቡናን በማፍላት ሸክላን የሚተካ ስላልተገኘ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሰራጨው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ባለው ምጣድ ልክ የተሠራ ነው፤ ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም በቆርቆሮ አካል ውስጥ የሚገባ የሸክላ ክፍል አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በጀርባው ሽቦ የሚቀበርበት ቦይ የተቦረቦረ የሸክላ ሰሌዳ ይፈልጋል። ከቆርቆሮና ከሽቦ ጋር የሚገጥም ሸክላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ ወይም ቢያንስ አይገባም። ለዘመናት በመዳፍና በዓይን ሲጠበቅ የነበረው ልክ በዚህ መንገድ ከሜትር ጋር ተገናኘ። ዘወትር ምጣድ የሚሠሩ ሴቶች ወደ አዲሱ ሥራ ሲሻገሩ ብዙ አልተቸገሩም፤ ሰፊ ሰሌዳን በእኩል ውፍረት መዘርጋት ቀድሞም የሚያውቁት ነበር።

በሌላ አገር ተመሳሳይ ሙያዎች ጥበቃ አግኝተዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የቦትስዋናን የካትሌንግ ወረዳ የሸክላ ጥበብ አስቸኳይ ጥበቃ በሚያሻቸው ቅርሶች ዝርዝር፣ በ2018 ደግሞ የቱኒዚያን የሰጅናን ሴቶች የሸክላ ጥበብ በሰው ልጆች ወካይ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቧል። ሁለቱም በእጅ፣ ያለ መሽከርከሪያ የሚሠሩ የሴቶች ሙያዎች ናቸው።

የሸክላን ሙያ ለማቆየት ጥቂት ዕቃ ሰብስቦ በሙዚየም መደርደር አይበቃም። ልኩ ያለው በሠሪዋ እጅ ነው፤ እጇም ልኩን የሚጠብቀው ሥራው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው። የአፈር መቆፈሪያው ለግንባታ ሲታጠር፣ ማገዶው ሲወደድና የሸክላ ተራው ከገበያው መሐል ወደ ዳር ሲገፋ መጀመሪያ የሚቆራረጠው የሳምንቱ ሥራ፣ ቀጥሎ የሚጓደለው የምጣዱ እኩልነት ነው። በሁሩታም፣ በአሰላም፣ በቀጨኔም ሙያው እንዲቀጥል የሚፈልግ አስተዳደር ወይም ማኅበር ቅድሚያ ሊያስከብርላቸው የሚገባው እነዚህን ሦስቱን ነው፦ አፈሩን፣ ማገዶውንና የገበያ ቦታቸውን።